ወረቀቱ ላይ ያለው 2 ቁጥር

ሰንጋ ተራ ያለ አንድ ካፌ ውስጥ አራት ሆነን አንድ ወረቀት ስናገላብጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥን። ማኪያቶው ቀዝቅዞ ላዩ ላይ ቆዳ ሠርቷል። ወረቀቱ የአክስቴ የፓቶሎጂ ውጤት ነው፣ ማለትም ከሰውነታቸው የወጣው ሥጋ በማይክሮስኮፕ ታይቶ የተጻፈው። እቴቴ ነው የምንላቸው። 61 ዓመታቸው ነው፣ ያኔ ማህፀናቸው በካንሰር ምክንያት በኦፕሬሽን ከወጣ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ከአራታችን አንድም ሐኪም የለም። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ግማሹ ቃል የላቲን ጸሎት ይመስላል፣ መሃሉ ላይ ግን ሁላችንም ማንበብ የምንችለው ነገር አለ፤ «ግሬድ 2» ይላል።

የአጎቴ ልጅ ጣቱን እዛች ላይ አሳረፈና «በቃ፣ ሁለተኛ ደረጃ ደርሷል» አለ።

ከዚያ ወዲህ ለአሥር ቀን የሆነው ሁሉ ከዚህች አንድ አረፍተ ነገር የመጣ ነው። ማታ ቤተሰብ ተሰበሰበ። ህንድ ይሂዱ ተባለ፣ ቱርክ ይሻላል ተባለ፣ የሱሉልታው ቦታ ይሸጥ ተባለ፣ ለእሳቸው ግን ምንም እንዳይነገር ተባለ። እቴቴ ጓዳ ቁጭ ብለው ሽንኩርት እየላጡ አንዲት ቃል አላመለጠቻቸውም። ለነገሩ ሽንኩርቱ ጠቅሟቸዋል፣ ለምን እንደሚያለቅሱ የጠየቃቸው ሰው የለም።

ያ 2 ቁጥር ግን እኛ ያሰብነውን ነገር አልነበረም የሚለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐኪሞች ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይለካሉ። ግሬድ የሚሉት ሴሎቹ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ከጤነኛው ሴል መልክ ምን ያህል እንደራቁ ነው። 1 ከሆነ ገና ዘመዶቹን ይመስላል፣ 3 ከሆነ የማን ልጅ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል፣ ጠባዩም ክፉ ነው። ስቴጅ የሚሉት ደግሞ ካንሰሩ እስከ የት ድረስ ሄዷል የሚለውን ነው። አንዱ ጠባዩ ነው፣ ሌላው አድራሻው። አማርኛችን ሁለቱንም «ደረጃ» ይላቸዋል። በዚህ የተነሳ ስንት ቤት ውስጥ ያለ ቦታው ለቅሶ እንደተለቀሰ መገመት አይከብድም። እኔ ከዚህ በኋላ ስቴጅና ግሬድ እያልኩ ነው የምቀጥለው፣ አማርኛ ወዳዶች ይቅር በሉኝ።

ሌላም የቃል ጣጣ አለ፣ እንዲያውም የባሰው እሱ ነው። እዚህ ከተማ «የማህፀን ካንሰር» ስትሉ ሰው የሚመጣለት የማህፀን በር ካንሰር ነው። አይፈረድበትም፣ በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚጠራው እሱ ነው፣ ዘመቻው ሁሉ ስለ እሱ ነው። እሱ ኤችፒቪ በሚባል ቫይረስ ይመጣል፣ ክትባት አለው፣ ኢትዮጵያም በፈረንጆቹ 2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀምራለች። ጤና ጣቢያ ሄዶ የሚደረግ የቅድመ ምርመራ ዘዴም አለው። የእቴቴ ካንሰር ግን ሌላ ነው። ማህፀንን አንገቱ ወደ ታች የዞረ እንስራ አድርጋችሁ አስቡት። የማህፀን በር የሚባለው አንገቱ ነው። የእቴቴ የተነሳው ከእንስራው ሆድ ነው፣ በየወሩ ከሚታደሰውና በወር አበባ ከሚወርደው ውስጠኛ ሽፋን። ይህኛው ክትባት የለውም። ምንም የማይሰማቸውን ሴቶች አሰልፎ ቀድሞ የሚለይበት የተለመደ ምርመራም የለውም።

እቴቴ ከዓመታት በፊት የማህፀን በር ምርመራ አድርገው ነበር። «ነጻ ነሽ ተብያለሁ እኮ» ይላሉ። ልክ ናቸው፣ ስለ እንስራው አንገት። ስለ ሆዱ የነገራቸው የለም።

በዓለም ደረጃ ትንሽ በሽታ አይደለም። በ2022 ብቻ ወደ 420 ሺህ የሚጠጉ ሴቶች ላይ ተገኝቷል፣ ወደ 97 ሺህ ገደማ ሞተዋል። በሀብታሞቹ አገሮች ከሴቶች የመራቢያ አካል ካንሰሮች ሁሉ በብዛት አንደኛ ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ውስጠኛውን ሽፋን የሚያሳድገው ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ነው፣ አደብ የሚያስይዘው ደግሞ ፕሮጀስትሮን ነው። ሴት ስታርጥ ፕሮጀስትሮኑ ይጠፋል፣ ኢስትሮጅን ግን ከስብ መሠራቱን ይቀጥላል። ስቡ በበዛ ቁጥር ሽፋኑ ተቆጪ እንደሌለው ልጅ ይሆናል። ለዚህ ነው ውፍረትና ስኳር ከዚህ ካንሰር ጋር አብረው የሚጠሩት። ልጅ ያልወለደች፣ ዘግይታ ያረጠች፣ የወር አበባዋ ዕድሜዋን ሙሉ የተዛባባት ሴት ላይም ይበረታል። ለጡት ካንሰር ታሞክሲፈን የምትውጥ ሴት ደግሞ ልዩ ናት። ይህ መድኃኒት ጡቷን እየጠበቀ ማህፀኗ ላይ እንደ ኢስትሮጅን ይሠራል። ይህን አንብባችሁ መድኃኒቱን እንዳታቆሙ አደራ፣ ጥቅሙ ይበልጣል። ደም ካያችሁ ግን በዚያው ሳምንት ተናገሩ። በቤተሰብ የሚወረስም አለ፣ ሊንች ሲንድሮም ይባላል። አንዷ እህት በማህፀን፣ አንዱ ወንድም በአንጀት ካንሰር በወጣትነት የተያዙበት ቤት ካለ ለሐኪም መንገር ነው።

አሁን ወደ ደሙ። ካረጠች አንድ ዓመት ያለፋት ሴት ደም ካየች፣ አንዲት ጠብታም ትሁን፣ ቡናማም ትሁን፣ እሱ ጉዳይ ነው። በዚህ ካንሰር ከተያዙት ካረጡ ሴቶች ከአሥሩ ዘጠኙ የመጀመሪያ ምልክታቸው ይህ ደም ነው። ሒሳቡን ስትገለብጡት ደግሞ ያጽናናል፤ ካረጡ በኋላ ደም ካዩ ሴቶች ካንሰር የሚገኝባቸው ከአሥር አንዷ ገደማ ናት። የቀሩት ፖሊፕ ነው፣ የሽፋኑ መሳሳት ነው፣ ሌላ ቀላል ነገር ነው። እንግዲህ ይህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ገና በር ላይ እያለ ራሱ ደውል ይደውላል። እንዲህ ዓይነት ጨዋ ካንሰር ብዙ የለም። እኛ ነን ደውሉን የማንሰማው።

እቴቴ የመጀመሪያዋን ጠብታ ሲያዩ ሳቁ። ለጎረቤታቸው «ልጅነቴ ተመለሰ» አሉ፣ ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ለሁለት ወር ዝም። ቀጥሎ መሃል ከተማ ያለ አንድ ክሊኒክ ሄዱ። በሆድ በኩል አልትራሳውንድ ተነሱ፣ ማዮማ፣ ማለትም ካንሰር ያልሆነ የማህፀን ዕጢ፣ አለ ተባለ፣ ደም የሚያቆም ኪኒን ተሰጣቸው። ደሙ ቆመ፣ ተመለሰ። ሌላ ኪኒን ተሰጣቸው፣ ቆመ፣ ተመለሰ። ሦስተኛ ጊዜም እንደዚያው። ካርዱ ላይ በሦስት የተለያዩ እጅ ጽሑፎች ሦስት ጊዜ «ማዮማ» ተጽፏል፣ ናሙና ይወሰድ ያለ አንድም ሰው የለም። እንዲህ እያለ 14 ወር ሄደ። የክሊኒኩን ስም አልጽፍም፣ ምክንያቱም ይህ የአንድ ክሊኒክ ችግር ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር።

ማዮማው ነበር፣ አልዋሹም። ግን ማዮማ ያላት ሴት ካንሰርም ሊኖርባት ይችላል። እንዲያውም ማዮማው አልትራሳውንዱን ያምሰዋል። በብዙ አገር ያለው ልማድ በብልት በኩል በሚደረግ አልትራሳውንድ የሽፋኑን ውፍረት ለክቶ 4 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች ከሆነ «ይህች ካንሰር የለባትም ማለት ይቻላል» ብሎ ማረፍ ነው። በ2024 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ግን ካንሰሩ የተረጋገጠባቸውን 210 ጥቁር ሴቶች አየና ከአሥሩ አንዷ በላይ የሆኑት ሽፋናቸው ከ5 ሚሊሜትር በታች እንደነበር አገኘ። በሜትሩ ብቻ ቢሄድ ኖሮ ወደ ቤታችሁ ሂዱ የሚባሉ ናቸው። እነዚያ ሴቶች አሜሪካውያን ናቸው፣ ውጤቱን እንዳለ ቀድቼ አራት ኪሎ አልለጥፈውም። ግን ማዮማ በበዛበት ማህፀን ላይ በአልትራሳውንድ ብቻ መተማመን እንደማይገባ ይነግረናል። ደሙ ከተመለሰ ናሙና ነው መፍትሔው። ናሙናው ደግሞ የሚፈራውን ያህል አይደለም። እንደ እስክሪብቶ ቀፎ የቀጠነ የላስቲክ ቱቦ ይገባል፣ ጥቂት ደቂቃ፣ እንደ ወር አበባ ያለ ቁርጠት፣ አለቀ።

የእቴቴ ናሙና በመጨረሻ ሲወሰድ ካንሰር ተባለ፣ ኦፕሬሽን ተወሰነ። ማህፀኑ ከነአንገቱ፣ ሁለቱ ቱቦዎች፣ እንቁላል የሚሠራባቸው ሁለቱ ኦቫሪዎች፣ ከጎን ደግሞ ሊምፍ ኖድ ከሚባሉት ትንንሽ ዕጢዎች የተወሰኑት ወጡ። እዚህ ላይ ነው ያላሰብኩት ነገር የገጠመኝ። ከኦፕሬሽን ክፍል አንዲት ነርስ ወጥታ ክዳን ያለው ነጭ የላስቲክ ዕቃ አቀበለችኝ። «ፓቶሎጂ አድርሺ» አለች። ማህፀኑ ነው፣ ፎርማሊን ውስጥ። በጥቁር ፌስታል ሁለቴ ጠቅልዬ ወጣሁ። ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌው ረዳቱ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» ይላል። አጠገቤ ያለው ሰውዬ እግሩን ሊያመቻች ፌስታሉን በጉልበቱ ገፋ አደረገው። እኔ የኖርኩበት ቤት አይደለም፣ ግን የአክስቴ ልጆች በሙሉ እዚያ ዕቃ ውስጥ ባለው ማህፀን ነው የኖሩት እያልኩ አስባለሁ። ሽታው እስከ ማታ ከአፍንጫዬ አልወጣም።

ያኔ ያልገባኝ፣ የእቴቴ ስቴጅ በእጄ እንደነበር ነው። ቃል በቃል። ምክንያቱም የዚህ ካንሰር ስቴጅ የሚታወቀው ከኦፕሬሽን በፊት አይደለም። ኤምአርአይም ሲቲም ግምት ይሰጣሉ፣ ቁጥሩ የሚጸድቀው የወጣው አካል ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ከ1988 ጀምሮ ዓለም የተስማማበት እንዲህ ነው። ያ ዕቃ ውስጥ ያለው ፎርማሊን ካነሰ፣ ማህፀኑ ሳይከፈት ከቆየ፣ ወይም ዕቃው አንድ ቅዳሜና እሁድ ጥግ ላይ ከተረሳ ሥጋው ይበላሻል፣ ሐኪሙም ካንሰሩ ምን ያህል ጠልቆ እንደገባ መለካት ያቅተዋል። ፎርማሊኑ ከሥጋው አሥር እጥፍ ይሁን ነው የሚባለው። እኔ ይህን ብሰማ ኖሮ ታክሲ ኮንትራት እይዝ ነበር።

የሚለካውስ ምንድን ነው? ወደ እንስራው እንመለስ። የእንስራው ግድግዳ ጡንቻ ነው። ካንሰሩ ከውስጥ ተነስቶ ግድግዳውን እየበላ ወደ ውጭ ይሄዳል። በ2009ኙ አሠራር የግድግዳውን ግማሽ ካልደረሰ 1A፣ ግማሹንና ከዚያ በላይ ከበላ 1B ነው። ወደ አንገቱ ሥጋ ከወረደ 2። ከእንስራው ወጥቶ ኦቫሪ፣ ብልት ወይም ሊምፍ ኖድ ከነካ 3። ፊኛ ወይም አንጀት ውስጥ ከዘለቀ፣ ወይም ሩቅ ሄዶ ሳንባና ጉበት ከተገኘ 4። የእቴቴ ወረቀት ላይ ከዚያች ከተረገመች 2 ቁጥር ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ «የጡንቻ ውፍረት 18 ሚሊሜትር፣ የገባበት 7 ሚሊሜትር» የሚል ነበር። ሰባት የአሥራ ስምንት ግማሽ አይሞላም። ሊምፍ ኖዶቹ ንጹህ ናቸው። ስቴጅ 1A። የሱሉልታው ቦታ ሊሸጥ ደላላ ተጠርቶ በነበረበት ሰዓት ወረቀቱ ራሱ 1A እያለ ነበር፣ እኛ ግን ያየነው ትልቁን ቁጥር ነው።

እሺ፣ አሁን ደግሞ ነገሩን የሚያወሳስበው መጣ። በፈረንጆቹ 2023 ፊጎ፣ ማለትም ዓለም አቀፉ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ፌዴሬሽን፣ አቆጣጠሩን ቀየረው። ከዚህ በኋላ አድራሻው ብቻ አይበቃም፣ ጠባዩም ቁጥሩ ውስጥ ይግባ አለ። ለምሳሌ ግሬድዋ 3 የሆነ ሴት ካንሰሩ ጡንቻዋን ጥቂት ብቻ ከነካ በድሮው 1A ነበረች፣ በአዲሱ 2C ናት። በሽታዋ አልጨመረም፣ ሌሊቱን አልተስፋፋም፣ መለኪያው ነው የተቀየረው። የተገላቢጦሹም አለ። ጠባየ ለስላሳው ካንሰር ማህፀንና አንዱን ኦቫሪ ብቻ ነክቶ ሌሎቹን ሁኔታዎች ካሟላ በድሮው 3 የነበረው በአዲሱ 1A3 ይባላል። ካንሰሩ በትንንሽ የደምና የሊምፍ ሥሮች ውስጥ በብዛት ከታየም ቁጥሩ ወደ 2B ይወጣል።

በዚህ ላይ የዘር ምርመራው አለ። በ2013 የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ምርምር ይህ «አንድ» የምንለው ካንሰር በውስጡ አራት ዓይነት እንደሆነ አሳየ። አንደኛው ፖል በሚባል ጂን ላይ ለውጥ ያለበት ነው፣ በማይክሮስኮፕ ሲያዩት አስፈሪ ሊሆን ይችላል፣ ግን እጅግ በጣም ጥሩ ውጤት አለው። ሌላኛው ፒ53 የሚባለው ጂን የተበላሸበት ነው፣ እሱ ክፉ ነው። በአዲሱ አቆጣጠር በማህፀን ውስጥ ያለ ካንሰር ፖል ከተገኘበት ወደ 1A ይወርዳል፣ ፒ53 ከተበላሸበትና ጡንቻ ከነካ ወደ 2C ይወጣል።

ብዙ ሐኪሞች ይህን ለውጥ ተቃውመዋል፣ አቆጣጠሩ ተወሳሰበ ብለው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ግን እንደ ታማሚ ቤተሰብ ሁለት ስሜት ነው ያለኝ። ጠባዩን ቁጥሩ ውስጥ ማስገባቱ ልክ ነው፣ ምክንያቱም ሕክምናውን የሚወስነው እሱ ነው። ግን የፖል ምርመራ የጂን ንባብ ይፈልጋል፣ እዚህ በየላቦራቶሪው የሚገኝ አይደለም። ፒ53 በማቅለም ይታያል፣ እሱ ይቀላል። ያልተመረመረ ነገር ወረቀት ላይ አይጻፍም፣ ስለዚህ የአዲስ አበባዋ ሴት ቁጥርና የአምስተርዳሟ ሴት ቁጥር አንድ ዓይነት ቢመስሉም የቆሙበት መረጃ እኩል አይደለም። አዲሱ አቆጣጠር ራሱ ያለ ጂን ምርመራ መሥራት እንዲቻል ተደርጎ ነው የወጣው፣ ይህ ይመስገን። እናንተ ብቻ «ስቴጅ ስንት ነው» ብላችሁ አታቁሙ። «በድሮው ነው በአዲሱ? ግሬዱስ? ፒ53 ታይቷል?» በሉ። ሐኪሙ ላይናደድ ይችላል። የኛው አልተናደደም፣ እንዲያውም ወንበሩን ወደኛ አዞረ።

ሰው መጨረሻ ላይ ማወቅ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፣ ይተርፋሉ ወይ። የአሜሪካ መዝገብ እንደሚለው ካንሰሩ ማህፀን ውስጥ እያለ ከተገኘ ከመቶ 95 ያህሉ አምስት ዓመት አልፈው ይኖራሉ። ወደ ጎረቤት አካል ወይም ሊምፍ ኖድ ከወጣ ወደ 70 ይወርዳል። ሩቅ ከሄደ 20 እንኳ አይሞላም። ይህ በአሜሪካ ነው፣ ናሙና በሳምንት፣ ኦፕሬሽን በወር በሚገኝበት። አዲስ አበባም ከ2011 ጀምሮ የራሷ የካንሰር መዝገብ አላት፣ ግን ስንቱ እንደተያዘ መቁጠር አንድ ነገር ነው፣ እያንዳንዷን ሴት አምስት ዓመት ተከትሎ የት ደረሰች ማለት ሌላ ነው። ያም ሆኖ ከ95 ወደ 70፣ ከ70 ወደ 20 ያለው ቁልቁለት የሚያሳየው ነገር እዚህም ያው ነው። 14 ወር ኪኒን እየዋጡ መቆየት በዚህ ቁልቁለት ላይ መንሸራተት ነው። እቴቴ ላይኛው ደርብ ላይ የቀሩት በእኛ ብልጠት አይደለም፣ ካንሰሩ ዘገምተኛ ስለነበረ ነው።

ከኦፕሬሽን በኋላስ? እዚህ ጋ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው «ጨረር አያስፈልግሽም» ሲባል እንደተናቀ ስለሚቆጥር ነው። የኛም ቤት ተናቅን ተብሏል። ጥቁር አንበሳ ከሃያ ዓመት በላይ የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ማዕከል ሆኖ ስለኖረ፣ አሁን ጅማን የመሰሉ ቢጨመሩም፣ ጨረር በሰዉ ልብ ውስጥ እንደ ብርቅ ነገር ተቀምጧል። ቸርችል ጎዳና ላይ ትልቅ የሲቲ ፖስታ በብብቱ የያዘ ሰው ካያችሁ ወዴት እንደሚሄድ አትጠይቁትም። ብርቅ ስለሆነ ግን ለሁሉ ያስፈልጋል ማለት አይደለም። በ2000 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት 714 ሴቶችን ለሁለት ከፍሎ ግማሾቹን ከኦፕሬሽን በኋላ ጨረር ሰጣቸው፣ ግማሾቹን ዝም ብሎ ተከታተላቸው። እዚያው አካባቢ ተመልሶ የመጣባቸው ካልተሰጡት ከመቶ 14፣ ከተሰጡት 4 ነበሩ። በሕይወት በመቆየት ግን ልዩነት አልታየም። ተመልሶ የመጣባቸው አብዛኞቹ ብልት ላይ ነበር የመጣባቸው፣ ያኔ ጨረር ሲሰጣቸው ብዙዎቹ ዳኑ። ቀጥሎ የመጣው ጥናት ደግሞ መካከለኛ ስጋት ላለባቸው የዳሌው አካባቢ በሙሉ ከውጭ በጨረር ከመመታት ይልቅ በብልት በኩል በጥቂት ቀጠሮ የሚሰጠው የውስጥ ጨረር እኩል እንደሚሠራ አሳየ። እቴቴን የመሰለች ሴት ስቴጅዋ 1A፣ ግሬድዋ 2፣ ሥሮቹ ንጹህ ከሆኑ ብዙ ጊዜ ክትትል ብቻ ነው። ይህ መናቅ ሳይሆን እንኳን ደስ አለሽ ነው።

ጠባየ ክፉዎቹ ግን ሌላ ታሪክ ናቸው። ፖርቴክ 3 በሚባለው ጥናት ጨረር ብቻ የወሰዱና ጨረር ከኬሞ ጋር የወሰዱ ተነጻጽረው ነበር። ፒ53 የተበላሸባቸው ሴቶች አምስት ዓመት ያለ ማገርሸት የቆዩት በጨረር ብቻ ከመቶ 36፣ ኬሞ ሲጨመር 59 ነበሩ። ፖል ያለባቸው ደግሞ ኬሞ ኖረም አልኖረም ሁሉም ማለት ይቻላል ደህና ናቸው። አያችሁ፣ አንዷን ኬሞ ያድናታል፣ ሌላዋን በከንቱ ፀጉሯን ያረግፋል። ለዚህ ነው ጠባዩ ይታወቅ የሚባለው።

ለገፋው ካንሰርም በ2023 አዲስ ነገር መጥቷል። የሰውነት መከላከያን የሚቀሰቅሱ መድኃኒቶች፣ ዶስታርሊማብና ፔምብሮሊዙማብ፣ ከኬሞ ጋር ሲሰጡ በተለይ የጂን ማረሚያቸው የተበላሸባቸውን ሴቶች በጣም ጠቅመዋል። በዶስታርሊማቡ ጥናት ከእነዚህ ሴቶች በሁለት ዓመት በሽታው ሳይገፋ የቆየላቸው ከመቶ 61 ነበሩ፣ ኬሞ ብቻ ከወሰዱት 16 ብቻ። ዋጋው ለኛ የሚቀመስ አይደለም፣ ስለዚህ እዚህ ላይ አልቆይም።

ስለ ሊምፍ ኖድ አንድ ነገር ልጨምር። ድሮ ሁሉንም ጠራርጎ ማውጣት ሕክምና ይመስል ነበር። በ2009 የታተመ 1,408 ሴቶች ያሉበት የእንግሊዝ ጥናት መጥረጉ ዕድሜ እንደማይጨምር አሳየ፣ እግር ማበጥ ግን ይጨምራል። ስለዚህ ኖዶቹ የሚወጡት ስቴጁን ለማወቅ ነው። አሁን መሣሪያው ባለበት አገር ቀለም ወግቶ የመጀመሪያዎቹን ኖዶች ብቻ ለይቶ ማውጣት ተለምዷል። እዚህ ገና የሚቸግረው ግን ከዚህ ይቀድማል። ማዮማ ነው ተብሎ ማህፀን ይወጣል፣ ናሙና ቀድሞ አልተወሰደም፣ ኖድም አልታየም፣ ኦቫሪም ቀርቷል፣ ከዚያ ፓቶሎጂው ካንሰር ብሎ ይመጣል። ያኔ ስቴጁ ግማሽ ጎኑ ባዶ ነው። እንደገና መከፈት ወይስ በሲቲ መገመት? እቴቴ ሊደርስባቸው ሁለት ሳምንት ነበር የቀራቸው። ክሊኒኩ የማዮማ ኦፕሬሽን ቀን ሰጥቷቸው ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ለክትትል ሄድን። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየጥቂት ወሩ ነው፣ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመት ውስጥ ስለሆነ። ሐኪሙ ማህፀኑ ስለነበረበት ቦታ ብዙ አላለም። ይልቅ የደም ግፊት መለኪያውን ክንዳቸው ላይ ጠቀለለና ፊቱ ተለዋወጠ። በጊዜ የተገኘባቸው የዚህ ካንሰር ታማሚዎችን በኋላ ላይ በብዛት የሚገድላቸው ካንሰሩ ሳይሆን ልብ ነው፣ ስኳርና ግፊት ነው አለን። እቴቴ የግፊት ኪኒናቸውን «ካንሰር እያለ ማን ስለ ግፊት ያወራል» ብለው ከኦፕሬሽኑ ወዲህ ትተውት ኖሯል።

ሐኪሙ አዲስ ማዘዣ ጻፈ፣ ካርዱ ላይም እንግሊዝኛውን ሞነጫጨረ። እቴቴ መነጽራቸውን አውጥተው ካርዱን ከእጁ ተቀበሉና ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይሄ 2 ምንድን ነው ደግሞ?»

«እማማ፣ እሱ በቀን ሁለት ጊዜ ነው» አላቸው።